አፌክት ወይስ ኢፌክት? የሚምታቱ የእንግሊዝኛ ቃላትን እንዴት እንምረጥ

እንግሊዝኛ ስንጽፍ ከባድ ቃል ብዙም አያስቸግረንም። መዝገበ ቃላት ገልጠን እናገኘዋለን። እጃችንን የሚይዙት ሁለት መንትያ የሚመስሉ ቃላት ናቸው። «አፌክት» ልበል ወይስ «ኢፌክት»? «ላይ» ነው ወይስ «ሌይ»? «ፊወር» ወይስ «ሌስ»? ሁለቱንም እናውቃቸዋለን፤ የቱን እንደምንመርጥ ግን እርግጠኛ አይደለንም። የኮምፒውተሩ ፊደል አራሚም ብዙ ጊዜ አይደርስልንም። ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ ቀይ መስመር አያሰምርባቸውም።

በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው። የፕሮጀክት ሪፖርቱ፣ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ፎርሙ፣ የብዙ መሥሪያ ቤቶች የሥራ ማመልከቻም እንዲሁ። አሜሪካና እንግሊዝ ላለው ወገናችንማ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው።

የተለመደው ምክር «ዝርዝሩን ሸምድደው» የሚል ነው። እኔ በሽምደዳ አላምንም። የተሸመደደ ዝርዝር ፈተናው ሲያልቅ አብሮ ይጠፋል። የቃሉን ታሪክ ያወቀ ሰው ግን ቃሉን በቀላሉ አይረሳም። ችግሩ፣ ታሪኩም አንዳንዴ ያሳስታል። ስለዚህ ለመምረጥ ሦስት መንገድ አለን፦ የራሳችን አማርኛ፣ የቃሉ አመጣጥ፣ እና ሰው ዛሬ ቃሉን የሚጠቀምበት መንገድ። አንዱ መንገድ ለሁሉም አይሠራም። የቱ ለየትኛው ጥንድ እንደሚሆን እንይ።

አማርኛችን ቀድሞ የፈታቸው

በ«ላይ» እና በ«ሌይ» እንጀምር። ይህ ጥንድ በእንግሊዝኛ አፉን የፈታውን ሰው ሁሉ ያሳስታል። ለእኛ ግን ቀላል መሆን ነበረበት። ምክንያቱም «ተኛ» እና «አስተኛ» አለን። «ላይ» ማለት መተኛት፣ መጋደም ነው። ራሱ ይጋደማል። «ሌይ» ማለት ማስተኛት፣ ማጋደም፣ ማኖር ነው። ሌላውን ነገር ያስተኛል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ ምንን? ማንን? መልስ ካለ «ሌይ» ነው። ሕፃኑን አልጋው ላይ አስተኛለሁ ስል ሕፃኑ አለ፤ «ሌይ» ይሆናል። ደክሞኛል፣ ጋደም ልበል ስል ግን ማንም የለም፤ «ላይ» ነው።

ይህ ተመሳሳይነት እንዲያው የማስታወሻ ዘዴ ብቻ አይደለም። በጥንቱ እንግሊዝኛ ሁለተኛው ግስ ከመጀመሪያው የወጣ የአስደራጊ ግስ ነበር። እኛ በ«አ» እና በ«አስ» የምንሠራውን እነሱ የግሱን ውስጥ ድምፅ ለውጠው ይሠሩት ነበር። ዘዴው ሞቷል፤ ልጆቹ ግን አሁንም አሉ። «ሲት» ተቀመጠ ነው፤ «ሰት» አስቀመጠ። «ፎል» ወደቀ ነው፤ «ፌል» ዛፍ ቆርጦ ጣለ። «ራይዝ» ተነሣ ነው፤ «ሬይዝ» አነሣ። ይህ የመጨረሻው ከስካንዲኔቪያ ቋንቋ የገባ ቢሆንም አሠራሩ ያው ነው። ዋጋው ራሱ ሲጨምር «ራይዝ»፣ ነጋዴው ዋጋውን ሲጨምር «ሬይዝ»።

ከሁሉ የምወደው «ድሪንክ» እና «ድሬንች» ነው። ጠጣና አጠጣ። ዛሬ «ድሬንች» ሲሉ በአብዛኛው በዝናብ መበስበስን ማለታቸው ነው። የከብት ሐኪሞች ግን ዱሮ በነበረው ትርጉሙ ይዘውታል። ለበግ ወይም ለላም መድኃኒት በአፏ መጋት «ድሬንች» ይባላል። «ጋተ» ለሚለው ቃላችን ይህን ያህል የሚጠጋ ሌላ የእንግሊዝኛ ቃል አላውቅም።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። የ«ላይ» ያለፈው ጊዜ ራሱ «ሌይ» ነው። ትናንት ሶፋው ላይ ተጋደምኩ ለማለት «ሌይ» እንላለን። የሌላኛው ያለፈው ጊዜ ደግሞ «ሌይድ» ነው። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት ስል «ሌይድ»። ሰው ሁሉ የሚምታታበት ቦታ ይቺ ናት። መዋሸት የሚለው «ላይ» ደግሞ ሌላ ቃል ነው፤ ያለፈው ጊዜው «ላይድ» ነው፤ እሱን አታስገቡት።

በዚሁ መንገድ «ቦሮው» እና «ሌንድ» ይፈታሉ። እስክሪብቶ ሲጠይቁ «ቦሮው ሚ» የሚሉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። በአማርኛ «እስክሪብቶ ተዋሰኝ» የሚል የለም። «አውሰኝ» ነው የምንለው። «ቦሮው» ተዋሰ፣ ተበደረ ነው። «ሌንድ» አዋሰ፣ አበደረ። ስለዚህ «ሌንድ ሚ»። የ«ቦሮው» ሥር በጥንቱ እንግሊዝኛ ዋስትና፣ መያዣ የሚል ቃል ነው። የኛም «ተዋሰ» ከ«ዋስ» ጎን ነው የቆመው። በሁለቱም አገር መዋስ በባዶ እጅ አልነበረም ማለት ነው።

አማርኛ ግን ሁልጊዜ አያድንም። ከቢሮ ለአንድ አፍታ ስንወጣ «መጣሁ» ብለን እንሄዳለን። ይህን ወደ እንግሊዝኛ ስንወስደው «አይ አም ካሚንግ» እንላለን፤ ፊታችንን ወደ በሩ አዙረን። እንግሊዛዊው ባልደረባችን ግራ ይገባዋል። «ካም» ወደ ተናጋሪው ወይም ወደ አድማጩ መምጣት ነው። እየራቁ «ካም» አይባልም። ትክክለኛው «አይል ቢ ራይት ባክ» ነው።

ስልክ መዝጋትም እንደዚሁ ነው። «ስልኩን ዘጋብኝ» ስንል «ክሎዝ» እንላለን፤ እነሱ ግን «ሃንግ አፕ» ነው የሚሉት፤ ሰቀለ እንደማለት። የመጀመሪያዎቹ ስልኮች ግድግዳ ላይ ስለነበሩ፣ የሚሰማበት ክፍል መንጠቆ ላይ ሲሰቀል መስመሩ ይቋረጥ ነበር። መንጠቆው ጠፍቷል፤ ቃሉ ቀርቷል። «ማየት» የምንለውንም ልብ ይበሉ። እነሱ ለሦስት ከፍለውታል። በዓይን የገባ ሁሉ «ሲ»፤ ዓይንን አቅንቶ ማየት «ሉክ»፤ የሚንቀሳቀስ ነገርን መከታተል «ዎች»። ለቴሌቪዥን «ዎች» ነው።

የአንድ እናት ልጆች

አሁን ወደ አመጣጥ እንሂድ። ብዙዎቹ የሚምታቱ ቃላት የሚምታቱት በአጋጣሚ አይደለም። ቀድሞ አንድ ቃል ነበሩ።

ምሳሌ ከኩሽና። ዱቄትና አበባ በእንግሊዝኛ ሲነገሩ አንድ ናቸው፤ «ፍላወር»። አጻጻፋቸው ይለያያል። ዱቄት እንዴት አበባ ሆነ? የተፈጨው እህል ከተነፋ በኋላ የሚገኘው ምርጡና የላመው ክፍል «የዱቄቱ አበባ» ይባል ነበር። ከዚያ «አበባ» የሚለው ብቻውን ቀረ። በ1755 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የሳሙኤል ጆንሰን መዝገበ ቃላት ሁለቱን ለይቶ አላስቀመጣቸውም። የአጻጻፉ ልዩነት የጸናው ከዚያ በኋላ ነው። እኛም ስንዴው ላይ ተመሳሳይ ነገር አድርገናል። «ፊኖ ዱቄት» የምንለው «ፊኖ» ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ የላመ፣ የጠራ ማለት ነው።

ከትምህርት ቤት አጠገብ ያሉ ሱቆችን ደግሞ አስቡ። «ስቴሽነሪ» የሚል ጽሑፍ የሌለበት መንደር ያለ አይመስለኝም። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን መጨረሻው አካባቢ «ኤ» ይግባ ወይስ «ኢ» ብዙ ታፔላ ላይ ይሳሳታል። በ«ኢ» ሲጻፍ የጽሕፈት መሣሪያ ነው። በ«ኤ» ሲጻፍ የቆመ፣ የማይንቀሳቀስ ማለት ነው። ሁለቱም ከአንድ የላቲን ቃል ወጥተዋል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ መጽሐፍ ሻጮች ብዙዎቹ አዟሪዎች ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ቋሚ ቦታ ይዞ የሚሸጠው ግን «ቋሚው» ተባለ። ከቋሚው ሰው የሚገዛው ወረቀትና ቀለም ስሙን ከሻጩ ወሰደ። በለንደን የነዚህ ሰዎች ማኅበር በ1403 ተቋቋመ፤ በ1557 ደግሞ የንጉሣዊ ቻርተር አገኘ። ኤንቨሎፕ በ«ኢ» ይጀምራል፤ ኤንቨሎፕ የሚሸጠው ሱቅም በ«ኢ» ይጻፋል። ይህን ካሰቡ ታፔላው አይሳሳትም።

«ኮምፕሊመንት»ም ሁለት አጻጻፍ አለው። መካከሉ ላይ «ኢ» ሲኖር ማሟያ ነው፤ «ኮምፕሊት» ከሚለው ጋር አብሮ ይሄዳል። «አይ» ሲኖር አድናቆት፣ ምስጋና ነው። ሁለቱም ማሟላት ከሚል የላቲን ግስ ናቸው፤ አድናቆቱ ግን በጣልያንና በስፔን በኩል ዞሮ የጨዋነት ወግን ማሟላት ከሚል ሐሳብ መጣ። ሆቴል ያላችሁ ይህን አስተውሉ። ለእንግዳ በነጻ የሚሰጥ ቁርስ በ«አይ» ነው የሚጻፈው። በ«ኢ» ከጻፋችሁት የሚያሟላ ቁርስ ይሆናል።

«ፕሪንሲፓል» እና «ፕሪንሲፕል»ም ከአንድ ሥር ናቸው፤ የመጀመሪያ ከሚል። የመጀመሪያው ዋና ማለት ነው። ርእሰ መምህሩ «ፕሪንሲፓል» ነው። የባንክ ብድር ሲወስዱ ከወለዱ ውጭ ያለው ዋናው ገንዘብም «ፕሪንሲፓል» ነው። ሁለተኛው መርህ ብቻ ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም። በብድር ውል ላይ «የብድሩ መርህ» የሚል ነገር ጽፎ መፈረም ያሳፍራል።

«ዲስክሪት»ም ሁለት ነው። አንዱ ምስጢር የሚይዝ ጥንቁቅ ሰው፣ ሌላው የተነጣጠለ። የተነጣጠለው በሚለው ላይ ሁለቱን «ኢ» ፊደሎች «ቲ» ገብታ ትነጣጥላቸዋለች። «ዜን» እና «ዛን»ም እስከ 1700 አካባቢ በወጉ አልተለዩም ነበር። አሁን ግን ተለይተዋል፤ ለማወዳደር በ«ኤ»፣ ለጊዜ በ«ኢ»።

ትንሿ ፊደል የምትሸከመው

አሁን ወደ ርእሳችን። «አፌክት» እና «ኢፌክት» አንድ የላቲን ግስ ይጋራሉ፤ አደረገ የሚል። የሚለያቸው ከፊት የተቀጠለው ነው። «አፌክት» ላይ ያለው ወደ፣ በ…ላይ የሚል ነው። «ኢፌክት» ላይ ያለው ወደ ውጭ የሚል ነው። ስለዚህ «አፌክት» አንድ ነገር ላይ ማድረግ፣ መንካት፣ መጉዳት ነው። «ኢፌክት» ተደርጎ የወጣው ነው። «ውጤት» የሚለው የኛ ቃል «ወጣ» ከሚለው መምጣቱን ያስተዋለ ሰው ይህን ጥንድ ዳግመኛ አይሳሳትም።

ድርቁ ምርቱን ጎዳው፤ እዚህ ላይ «አፌክት» ነው፤ ግስ ነው። የድርቁ ውጤት ከባድ ነበር፤ እዚህ ላይ «ኢፌክት» ነው፤ ስም ነው። አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይበቃል።

ሪፖርትና ፕሮፖዛል የሚጽፉ ሰዎች ግን አንድ እርምጃ መቀጠል አለባቸው። «ኢፌክት» አንዳንዴ ግስ ይሆናል፤ ያኔ አመጣ፣ እውን አደረገ ማለት ነው። «ኢፌክት ቼንጅ» ለውጥ እናመጣለን ማለት ነው። «አፌክት ቼንጅ» ግን ቀድሞ የተጀመረ ለውጥ ላይ ተጽዕኖ እናሳድራለን ማለት ነው፤ ለመልካምም ለክፉም ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ሰጪው ድርጅት የሚያነበው የመጀመሪያውን እንዲሆን ትፈልጋላችሁ።

«ኢምፕላይ» እና «ኢንፈር»ም በአቅጣጫ ነው የሚለዩት። ተናጋሪው በጎን ጠቆም ሲያደርግ «ኢምፕላይ»። ሰሚው ከዚያ ተነሥቶ ሲገምት «ኢንፈር»። ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ ሰው ይህ አይከብድም፤ ወርቁን የሚሰውረውና ወርቁን የሚፈታው ሁለት ሰዎች ናቸው።

በነጥብ የሚጻፉትን «አይ.ኢ.» እና «ኢ.ጂ.»ንም ታሪካቸው ይለያቸዋል። የመጀመሪያው «ያ ማለት ነው» የሚል ላቲን ነው፤ በኛ «ማለትም»። ሁለተኛው «ለምሳሌ ያህል» የሚል ነው። ልዩነቱ ሕጋዊ ጣጣ ያመጣል። «የመታወቂያ ሰነድ፣ ማለትም ፓስፖርት» ከተባለ መንጃ ፈቃድ አይሠራም። «ለምሳሌ ፓስፖርት» ከተባለ ይሠራል።

አመጣጡ ሲያሳስት

እስካሁን ታሪክ ረድቶናል። አሁን ግን የማይረዳባቸው አሉ፤ አንዱ የሰው ሕይወት የሚነካ ነው።

«ፍላመብል» በእሳት የሚቀጣጠል ማለት ነው። «ኢንፍላመብል» ምን ይሆን? ፊቱ ላይ ያለውን «ኢን» አይቶ የማይቀጣጠል የሚል ሰው አይፈረድበትም። «ኢንቪዚብል» የማይታይ ነውና። ግን ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ይቀጣጠላሉ። ይህኛው «ኢን» አፍራሽ አይደለም፤ «ውስጥ» የሚል ነው፤ እሳት ለኮሰ ከሚል የላቲን ግስ የመጣ። በዕድሜ እንዲያውም «ኢንፍላመብል» ይቀድማል። የአሜሪካ የእሳት አደጋ መከላከያ ማኅበር በ1920ዎቹ «ኢን» የሌለውን እንጠቀም ብሎ የተነሣው ሰው እንዳይሳሳት ነው። ስለዚህ ምርጫው ግልጽ ነው። በነዳጅ ቦቴ፣ በቀለምና በኬሚካል ዕቃ ላይ «ፍላመብል» ብላችሁ ጻፉ። የማይቀጣጠለው «ነን ፍላመብል» ነው። በርሜል ላይ «ኢንፍላመብል» የሚል ካያችሁ ግን ክብሪት አታስጠጉ።

«ዴሲሜት»ን ደግሞ እንይ። በሮማ ሠራዊት ያመፀ ወይም የሸሸ ጦር ሲቀጣ ከ10 ወታደሮች 1 በዕጣ ይገደል ነበር። ቃሉ የመጣው አሥረኛ ከሚል ነው። ስለዚህ ጥብቅ አንባቢዎች «አንድ አሥረኛ ካልሆነ አትጠቀሙበት» ይላሉ። አልስማማም። ዛሬ «ዴሲሜት» ያለ ሰው አብዛኛውን ማውደሙን ነው የሚናገረው። አንበጣ ማሳውን ሲያወድም በትክክል ከአሥር አንዱን አይልም። ከታሪኩ የሚቀረን ጥንቃቄ ይህ ብቻ ነው፦ «90 በመቶውን ዴሲሜት አደረገ» ዓይነት ከቁጥር ጋር ማጣበቁ አያምርም።

«ዲስኢንተረስትድ» እና «አንኢንተረስትድ» ላይ ግን ጠበቅ እላለሁ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያው ቃል ፍላጎት የሌለው ለማለትም ይውል ነበር። ታሪክን ብቻ ካየን ሁለቱን ማቀያየር ይቻላል። ዛሬ ግን መለየታቸው ይጠቅማል። «ዲስኢንተረስትድ» በጉዳዩ ጥቅም የሌለው፣ ገለልተኛ ነው። «አንኢንተረስትድ» ጉዳዩ የማይስበው፣ የሰለቸው ነው። ዳኛዬ የመጀመሪያው እንዲሆን እመኛለሁ፤ ሁለተኛው ከሆነ ተበላሁ።

«ፊወር» እና «ሌስ»ስ? ደንቡ የሚቆጠረው «ፊወር»፣ የማይቆጠረው «ሌስ» ይላል። ፊወር ወንበሮች፣ ሌስ ውኃ። ይህ ደንብ ከጥንት የወረደ ይመስላል፤ ግን አይደለም። እንግሊዞች ለመቶዎች ዓመታት ለሚቆጠረውም «ሌስ» ብለዋል። ሮበርት ቤከር የሚባል ሰው በ1770 «እኔ እንኳን ፊወር ይሻላል እላለሁ» ብሎ ጻፈ። የአንድ ሰው ምርጫ ቀስ በቀስ ደንብ ሆነ። እስከ ሱፐርማርኬት ድረስም ክርክር አስነሣ። ቴስኮ የተባለው የእንግሊዝ ሱፐርማርኬት ጥቂት ዕቃ ለያዙ ገዢዎች የተለየው ካሸር ጋ «10 ዕቃ ወይም ሌስ» ይል ነበር። በ2008 ከክርክሩ ለመውጣት «እስከ 10 ዕቃ» ወደሚል ቀየረው። ብልህ መፍትሔ ነው።

ምክሬ፦ በፈተናና በመደበኛ ጽሑፍ ደንቡን አክብሩ። ነገር ግን ገንዘብ፣ ጊዜና ርቀት ቁጥር ቢኖራቸውም «ሌስ» ነው የሚወስዱት። ከ100 ብር በታች፣ ከ5 ኪሎ ሜትር በታች ሲባል ብሮቹን አንድ በአንድ አንቆጥርም፤ መጠኑን ነው የምንለው። ደንቡን ከልክ በላይ ያጠበቁ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው።

ፈሊጥ ሲሆን ሥዕሉን ፈልጉ

ፈሊጣዊ አነጋገር ላይ ምርጫው ቀላል ነው። ከቃሉ በስተጀርባ ያለውን ሥዕል ያገኘ አጻጻፉን አይሳሳትም።

«ፍሪ ሬይን» እንውሰድ። ብዙ ሰው ንግሥና የሚለውን «ሬይን» ነው የሚጽፈው። ትክክለኛው የፈረስ ዛብ ነው። ፈረሰኛው ዛቡን ሲለቅ ፈረሱ እንደፈቀደው ይሄዳል። ንጉሥ የለበትም። «ቶው ዘ ላይን»ም እንደዚያው። አንዱ «ቶው» መጎተት ነው፤ የተበላሸ መኪና እንደሚጎተተው። ትክክለኛው ግን የእግር ጣት ነው። ሯጮች በመነሻው መስመር ላይ ጣታቸውን አስተካክለው ሲቆሙ አስቡ። «ከመስመር አትውጣ» የሚለው የኛ አነጋገር ወደ ትርጉሙ በጣም ይጠጋል። «በቴድ ብሬዝ»ን የመንጠቆ ማጥመጃ በሚለው ቃል የሚጽፉት አሉ። ቃሉ ቀነሰ ከሚል የመጣ ነው፤ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ መጠበቅ ነው።

«ፎር ኦል ኢንቴንትስ ኤንድ ፐርፐዝስ» ደግሞ የሕግ ልጅ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ሕግ ውስጥ «በሁሉም ሐሳብና ዓላማ» በሚል ይገባ ነበር። ዛሬ «በተግባር ሲታይ» ማለት ነው። ፈጥኖ ሲነገር «ኢንቴንሲቭ» ይመስላል። አይደለም።

«ዘ ኤክሴፕሽን ፕሩቭስ ዘ ሩል» የሚለው ያለአግባቡ ከሚነገሩት ዋናው ነው። አንድ ሰው «ሐበሻ ሁሉ ቡና ይወዳል» ይላል። «እኔ አልወድም» ስትሉት «ልዩ ሁኔታው ደንቡን ያረጋግጣል» ይላችኋል። የማይወድ ሰው መገኘቱ ሁሉም ይወዳል የሚለውን እንዴት ያረጋግጣል? ይህ አባባል ከላቲን የሕግ መርህ የመጣ ነው። ትርጉሙም ምክንያታዊ ነው። አንድ በር ላይ «እሑድ መኪና ማቆም ይቻላል» የሚል ጽሑፍ አለ እንበል። ስለ ሌሎቹ ቀናት ምንም አልተባለም። እሑድን ነጥሎ መፍቀዱ ግን በሌሎቹ ቀናት መከልከሉን ያሳያል። ልዩ ሁኔታው ተጽፎ መገኘቱ ነው ያልተጻፈውን ደንብ የሚያረጋግጠው። በዚህ መንገድ ካልሆነ አትጠቀሙበት።

«ቤግ ዘ ክዌስችን» ላይ ምክሬ ጨርሶ መተው ነው። በሎጂክ ትምህርት፣ ሊያረጋግጡት የሚገባውን ነገር እንደ ተረጋገጠ አድርጎ መነሣት ነው። «እሱ ታማኝ ነው፤ ምክንያቱም የማይታመን ሰው አይደለም» እንደማለት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከላቲን በደንብ ሳይተረጎም የገባ ስለሆነ ቃላቱ ትርጉሙን አያሳዩም። ዛሬ ብዙኃኑ «ጥያቄ ያስነሣል» ለማለት ይጠቀምበታል። በአንደኛው ብትጠቀሙ ብዙው ሰው አይገባውም። በሁለተኛው ብትጠቀሙ የተማረው ይቆጣል። ጥያቄ ለማንሣት «ሬይዝ» አለላችሁ።

ስለ ፈሊጥ አመጣጥ በኢንተርኔት የሚዞረውን ሁሉ አትመኑ። በተለይ «ይህ ቃል የእነዚህ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ነው» ሲባል ተጠራጠሩ። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን በፊት ቃል በዚያ መንገድ የተሠራው ከስንት አንዴ ነው። ከጥቂቶቹ አንዱ እኛም ቀን ከሌት የምንለው «ኦኬ» ነው። በ1839 በቦስተን ጋዜጣ ላይ ወጣ። በጊዜው ሆን ብሎ ቃልን አጣሞ መጻፍና ማሳጠር ፋሽን ነበር። «ኦል ኮሬክት» የሚለውን በ«ኦ» እና በ«ኬ» አጣመው ጻፉት። በዓመቱ በፕሬዚዳንት ምርጫ የማርቲን ቫን ቢዩረን ደጋፊዎች «ኦልድ ኪንደርሁክ» ለሚለው ቅጽል ስሙ ተጠቀሙበትና ቃሉ አገር አዳረሰ። ይህን በማስረጃ ያጣራው አለን ዎከር ሪድ የተባለ የቋንቋ ተመራማሪ ነው።

ለማን ነው የምትጽፉት?

አንዳንድ ቃል ትክክል ወይም ስሕተት የሚሆነው በአገሩ ነው። የአዲስ አበባ ሰው «ጂ ፕላስ 4» ይላል። ምድር ቤቱ «ግራውንድ» ነው፤ ከላዩ አንደኛ ፎቅ ይጀምራል። እንግሊዝም እንደዚሁ ነው። አሜሪካ ግን ምድር ቤቱ ራሱ አንደኛ ፎቅ ነው። ዋሽንግተን ለቀጠሮ የሄደ ሰው «ፈርስት ፍሎር» ከተባለ ደረጃ አይውጣ።

«ቴብል» የሚለው ግስ የበለጠ አደገኛ ነው። እንግሊዝ ውስጥ አንድን አጀንዳ «ቴብል» ማድረግ ለውይይት ማቅረብ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለጊዜው ማቆየት፣ ወደ ጎን መተው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የሁለቱ አገር የጦር ሹማምንት በዚህ ቃል ምክንያት ለረጅም ጊዜ እንደተከራከሩ ቸርችል ጽፎታል። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር። የሁለቱም አገር ሰዎች ባሉበት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የምትይዙ ከሆነ ይህን ቃል አትንኩት።

«ሙት ፖይንት»ም እንዲሁ ነው። «ሙት» በጥንቱ እንግሊዝኛ ጉባኤ ነበር። የሕግ ተማሪዎቻችን የሚወዳደሩበት «ሙት ኮርት» ስሙ ከዚያ ነው፤ የመለማመጃ ችሎት። በእንግሊዝ «ሙት ፖይንት» አከራካሪ ነጥብ ነው። በአሜሪካ ግን ከእንግዲህ መከራከሩ ዋጋ የሌለው ነጥብ ነው። «ሚውት» ብሎ መጻፍ ግን በሁለቱም አገር ስሕተት ነው፤ እሱ ድምፅ አልባ ነው።

«ክዋይት ጉድ» አሜሪካዊው ሲላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ በጣም ጥሩ ማለቱ ነው። እንግሊዛዊው ሲላችሁ ግን «ምንም አይልም» ማለቱ ሊሆን ይችላል። «ደንታ የለኝም» ለማለት ደግሞ አሜሪካ ውስጥ «ኩድ ኬር ሌስ» ሲባል ትሰማላችሁ። አፍራሹ ወድቆበት ነው። ስትጽፉ «ኩድንት» በሉ፤ በሁለቱም አገር ይሠራል።

የቱን መዝገበ ቃላት ልክፈት?

ይህም ራሱ ምርጫ ነው። ቃሉ ከየት መጣ ለሚለው ዳግላስ ሃርፐር የሚያዘጋጀው ኢቲምኦንላይን የተባለው ነጻ ድረ ገጽ ፈጣን ነው። ጠለቅ ማለት ለሚፈልግ ትልቁ ኦክስፎርድ አለ፤ የመጀመሪያው እትም በ1928 ነው የተጠናቀቀው። ቃሉ በየዘመኑ እንዴት እንደተጻፈ በጥቅስ ያሳያል። በክፍያ ስለሆነ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በኩል መሞከር ይሻላል። ለአሜሪካ አጠቃቀም መሪያም ዌብስተርን እመርጣለሁ። የሚምታቱ ጥንዶች ላይ አጫጭር ማብራሪያ አለው፤ ደንቡ ከየት እንደመጣም ይናገራል።

ተማሪ ለሆነ ሰው ግን እነዚህን አላስቀድምም። ሎንግማን የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ትርጉሞቹን የሚጽፈው 2000 በሚያህሉ የተለመዱ ቃላት ነው። አንዱን ቃል ለመረዳት ሌላ ሦስት ቃል መፈለግ አይኖርባችሁም። ሆርንቢ የጀመረው የኦክስፎርድ አድቫንስድ ለርነርስም በአገራችን ከቤት ቤት የሚገኝ ነው፤ ዕድሜ ጠገቡ እትም ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ለጥንድ ቃላት ስትጠቀሙበት ትርጉሙን አንብባችሁ ብቻ አትዝጉት። ከሥሩ ያለውን የምሳሌ ዓረፍተ ነገር እዩ፤ ከዚያ ቃሉን አውጥታችሁ በቦታው የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር ጻፉበት።